ወፍራም ቂጣ በሪሚኒ

እሑድ፣ ሜይ 25

ኪዮስኩን ከፈትን። የብርዱን ወራት ሙሉ የባሕሩ ጨው መዝጊያውን በልቶት ባሌ ሎሪስ በመዶሻ ደብድቦ ነው ያነሣው። ስፈገፍግ ስለዋልኩ ወገቤ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው።

አማቴ እማማ ዞራይዴ ነጭ ሽርጣቸውን አስረው፣ የሊጥ መዳመጫ እንጨታቸውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥተው ሊጡ ፊት ቆሙ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የሥራ ክፍፍላችን የድሮው ነው። እሳቸው ያቦካሉ፣ ይዳምጣሉ፤ እኔ እጋግራለሁ፣ ውስጡን እሞላለሁ፣ ለሰው አቀርባለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ መዳመጫውን አንድ ቀን አስነክተውኝ አያውቁም። ምክንያቱም እኔ የላይ አገር ሰው ነኝ፤ ከፋየንዛ በላይ ካለው ኮረብታ የመጣሁ። እኛ ዘንድ ፒያዳ የጣት ውፍረት ያላት፣ ሲቆርሷት እንፋሎቷ ፊት ላይ የሚወጣ ቂጣ ናት። እዚህ ሪሚኒ ባሕር ዳር ደግሞ ስስና ሰፊ ሆና እንደ መሐረብ ካልታጠፈች በስሟ አይጠሯትም። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ ሰሞን አንድ ጋግሬ ባቀርብላቸው አማቴ ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የሚተኙበት?» አሉ። ገበታው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ፒያዳ ስሟ «ፍራሽ» ነው።

ማታ ሎሪስ «እናቴ ዘንድሮ ደከም ብላለች፤ ዓይንሽን ጣል አድርጊባት» አለኝ። እሱ አውቶቡሱን ሊነዳ ይሄዳል፣ ዓይን ጣይዋ እኔ ነኝ። ሁለት ዓይን ነው ያለኝ፤ ሁለቱም ምጣዱ ላይ ናቸው።

እሑድ፣ ጁን 8

ሰው በሰው ላይ። ነፋስ የለም። ቁርጭምጭሚቴ አብጧል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሴኮንዶ መጡ። የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ከጥድ ዛፉ ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር የግል ንብረታቸው ናት፤ በየቀኑ አንድ ፒያዳ በሳርዲንና በሽንኩርት እዚያ ቁጭ ብለው ይበላሉ።

«ኒቬስ፣ የዛሬዋ ከጥርሴ ጋር ተጣላች» አሉኝ።

«ከየትኛው? ያለዎት ሁለት አይደል እንዴ?»

«ሁለቱም አኩርፈዋል።»

ስቄ አሳለፍኩት። ኋላ ግን ጨርቁን ገልጬ የተደረደረውን ሊጥ አየሁ። ከሥር ያሉት ስስ ናቸው። ከላይ ያሉት ወፈር፣ አጠር፣ ድብልብል ያሉ። ቁርጥ የእኔ አገር ቂጣ!

ዱቄቱ ይሆናል። ዘንድሮ ዱቄት ቀይረናል።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ዱቄቱ አይደለም። ጠዋት ጠዋት እጃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ሊጡ ሥር ጋዜጣ ቢያደርጉበት ይነበባል። ከቀትር በኋላ ነው እየወፈረ የሚመጣው። ሙቀቱ ነው። በሰማንያ አንድ ዓመት እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ መቆም ራሱ ሌላ ነገር ነው።

መላ ፈጠርኩ። ባዶ የወይን ጠርሙስ አጥቤ ከጋዙ ሲሊንደር ጀርባ አስቀመጥኩ። እሳቸው ዳምጠው በጨርቅ ሸፍነው ወደ እኔ ያሳልፋሉ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ በጠርሙሱ አሳሳለሁ፣ ከዚያ ምጣዱ ላይ ጣል። ድምፁ እንዳይሰማ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት።

«ጆሮሽ ደንቁሯል?» አሉኝ።

«ዘፈኑን ወድጄው ነው።»

«ይሄ ዘፈን ነው? ይሄ ጥርስ ሲነቀል ነው።»

ለደንበኛው ብዬ ነው የማደርገው። ኪዮስኩ ስም አለው።

እሑድ፣ ጁን 22

የሎሪስ እህት ቫንዳ ከቦሎኛ ደወለች። ሎሪስ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ለሁላችንም አሰማን፤ እማማ ተኝተው ነበር፤ እኔ ሽርጥ እተኩሳለሁ።

«እናቴን እዚያ እሳት ፊት አቁማችሁ ልትገድሏት ነው እንዴ?» አለች።

«እሷ ናት የማትወርደው» አለ ሎሪስ።

«ሕፃን ናት? አውርዷታ! እዚህ እኔ አጠገብ ጥሩ የአረጋውያን ቤት አለ። በሴፕቴምበር ክፍል ይለቀቃል። ለኦገስት አጋማሹ በዓል፣ ለፌራጎስቶ፣ መጥቼ በዓይኔ አያታለሁ።»

ሎሪስ ብዙ አሰበ። እሱ ሲያስብ አፍንጫውን ነው የሚያሸው። በመጨረሻ «እሺ፣ መሥራት እስከቻለች እዚሁ ትሁን። መሥራት ካቃታት ቤት ብቻዋን አናስቀምጣትም፤ አንቺ ትወስጃታለሽ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ «አይሻልም?» አለኝ። ሽርጡን አጥፌ «ታውቃላችሁ» አልኩ። እኔ ምራት ነኝ። የእናታቸው ነገር የእነሱ ነው።

ስለዚህ አሁን ነገሩ ሁሉ የቂጣ ውፍረት ላይ ተንጠለጠለ። እንዲህ ያለ ቤት የት አለ?

ሰኞ፣ ጁን 23

ጠዋት ሊጡን እያሹ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው እንዲህ አሉ፦ «የቦሎኛ ሰው ፒያዳ አያውቅም። እነሱ ሾርባ ውስጥ የሚዋኝ እንክብል ነገር ነው በማንኪያ የሚያሳድዱት። እኔ ምግብ ማሳደድ አልችልም።»

ተኝተው ነበር ብዬ ነበር እኮ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

የጉድ ቀን። አንዲት የሚላኖ ሴት ፒያዳውን በሳልሞን ዓሣ አለች። እማማ ቀና ሳይሉ «ሳልሞን ይዋኝ፤ እኛ አንነካውም» አሏት። ሁለት ጀርመኖች ቋሊማና ሽንኩርት የሞላበት ፒያዳ በካፑቺኖ። ይሄን እንኳ ለምደነዋል፤ እማማ ግን እስኪጨርሱ ጀርባቸውን ያዞራሉ፣ እንደ ልቅሶ ቤት። አንድ የፑልያ ሰው ደግሞ የአሳማ ስቡ ቀርቶ በወይራ ዘይት ይቦካልኝ አለ። «ዘይት ለፀጉር ነው» ተባለ። ሰውየው ራሰ በራ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሳቀውም እሱ ነው። እጄ ቢዝልም ሳቅኩ።

ቀጥሎ የመጣው ከፎርሊ ነው፤ እዚያም እንደ እኛ ወፍራም ነው የሚበሉት። ያን ሰዓት ሰልፉ ረዝሞብኝ አንዷን ሳላሳሳ ምጣዱ ላይ ጥያት ኖሯል። ሰውየው ነከሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«በማርያም! በሪሚኒ ፒያዳ የሚችል ሰው ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። «ማን ናቸው የሠሩት? ሴትዮዋ ከየት ናቸው?»

እማማ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። «ከዚሁ ነኝ። እኛ የሪሚኒ ሰዎች ነን» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። እጃቸው ንጹሕ ነበር፤ ብዙ ታጠቡ።

ሰልፉ ገንፍሎ ስለነበር ምን ሆኑ ብዬ አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ጁላይ 13

ዛሬ የሠራሁትን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰው ይጥላል። የቀኝ እጄ አንጓ በጠርሙሱ ምክንያት አብጦ ጨርቅ አስሬበታለሁ። አንድ ሙሉ ቤተሰብ ፊቴ ቆሞ ልጆቹ ያለቅሳሉ። እማማ ያሳለፉልኝ ሊጥ ሁሉ እንደ ጫማ ሶል። አንዱን ሳሳሳ ሌላው ይከመራል። በቃ፣ ደሜ ፈላ። ዞር ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ «ወፍራም ነው! እንደገና ወፍራም ነው! አያዩትም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሊጡን አዩት። ነካ ነካ አደረጉት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። ቀና ብለው ግን ረጋ ባለ ድምፅ «ወፍራም ከሆነማ አንቺ ነሽ የዳመጥሽው» አሉ።

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። የፍራሽን ወሬ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። አንዱማ «ኒቬስ፣ ዛሬም ልታስተኚን ነው?» አለ። ምን ልበል? እኔ ነኝ አልኩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።»

ማታ ሲተኙ ብርድ ልብሱን ላስተካክል ገባሁ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተናደሽብኝ ነው?» አሉ። «ኧረ በምን?» አልኳቸው። «እንጃ፤ አንድ ሰው ተናዶብኛል» አሉ። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። የሰው እናት ላይ ሰው ፊት መጮህ! የገዛ እናቴ ብትሆን እንዲህ እጮህባት ነበር? እጮህባት ነበር። ያኛው ግን ሌላ ነው።

ሎሪስ እግር ኳስ እያየ «ዛሬ እንዴት ነበረች?» አለኝ። «ደህና» አልኩት።

እሑድ፣ ጁላይ 20

አንጓዬ። ሐኪሙ እጅሽን አሳርፊ አለኝ። የት ላሳርፈው?

አንድ ጊዜ ጨው ረሱ። አንድ ጊዜ ሁለቴ ጨመሩ። ሊጡን አሁን ቀድሜ እየቀመስኩ ነው። ሙቀቱ ነው፤ ማንም ቢሆን ይረሳል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ዝናብ መጥቶ ሰዉን በተነው። እማማን ሎሪስ ወደ ቤት ወሰዳቸው። ጋሽ ሴኮንዶ ከጥዱ ሥር ተነሥተው ኪዮስኩ ጥላ ውስጥ ገቡ፤ እኔ ምጣድ እፍቃለሁ።

«ያቺን ጠርሙስ ደብቂያት፤ ከወንበሬ ሆኜ እኮ ትታየኛለች» አሉኝ።

«የምን ጠርሙስ?»

«ተይ እንጂ ኒቬስ። ጥርሴ ነው ያለቀው፣ ዓይኔ ደህና ነው።» ዝናቡን አዩና «አይግረምሽ። እጇ ወደ አገሯ እየተመለሰ ነው» አሉ።

«የምን አገር?»

«እንዴ፣ ዞራይዴ የላይ አገር ልጅ አይደለችም እንዴ? ከሞዲልያና። አባት እናቷ በልጅነቷ ሞተውባት አክስቷ ናት ያሳደገቻት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እዚህ ተዳረች፤ እኛ ግቢያችን በአጥር ነው የሚለየው። አማቷ አርጂያ ትባል ነበር፤ ነፍሷን ይማር፤ እሷን ግን መንግሥተ ሰማያትም አልቻላት ይሆናል። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ዞራይዴ ፒያዳ ጋግራ አቀረበች። ወፍራም፣ እንደ አገሯ። አርጂያ ተነሥታ በሩን ከፍታ ቂጣውን አንድ በአንድ ለዶሮዎቹ በተነችው። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ዶሮዎቹን አስታውሳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተማረቻ። ክረምቱን ሙሉ ስትዳምጥ ነው የከረመችው። ሲጠይቋት የሪሚኒ ነኝ ትል ጀመር። ይኸው የሪሚኒ ሆነች። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሰው ቢሰማ ሆዴ የሚባባ ይመስለዋል። አልባባም! ንዴት ነው የያዘኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት! ፍራሽ፣ ትራስ፣ የላይ አገር ሰው አፉ ሰፊ ነው፣ የላይ አገር ሰው ሊጥ ይቆጥባል ብሎ ነው የሚያወፍረው፣ ስንቱን ጠጣሁት። በልጄ ጥምቀት ቀን እንኳ። እና እሳቸውስ ከየት ናቸው? ከእኔ አገር በእግር የሚደረስበት ኮረብታ!

ሎሪስን ጠየቅኩት። «ከላይ በኩል ዘመድ እንዳላት አውቃለሁ። ምነው?» አለ። «ምንም» አልኩ። «ማን ያስታውሰዋል» ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ዛሬ ሲዳምጡ ቆሜ አየኋቸው። ከቀትር በኋላ መዳመጫውን ገፋ አድርገው ሊጡን በመዳፋቸው ጠፍጠፍ፣ ጠፍጠፍ ያደርጉታል፤ ጠርዙን በአውራ ጣት ይጫኑታል። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው። እያንጎራጎሩ ነው። ጠዋት ስስ ሲዳምጡ አያንጎራጉሩም።

ንዴቴ አልወጣልኝም። በጠርሙሱ ማሳሳቴን ግን ቀጠልኩ፤ ቫንዳ ልትመጣ ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 13

ቫንዳ ደረሰች። ነጭ ሱሪ። እማማን አቅፋ «ከስተሻል» አለቻቸው፤ እኔን ሳም አድርጋ «ደክሞሻል» አለችኝ። ከነገ ጀምሮ ኪዮስኩ ውስጥ ቆማ ልታግዝ ነው። ጠርሙሱን የት ላድርገው?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

ትናንት ፌራጎስቶ ነበር። አሁን ነው ብዕር የያዝኩት፤ እግሬን ባልዲ ውስጥ ነክሬ እየጻፍኩ ነው።

ባሕር ዳሩ መሬቱ አይታይም። ሰልፋችን እስከ መንገዱ። ቫንዳ አጠገቤ ቆማ መጠጥ ታድላለች፤ ክርኗ ክርኔን ይነካል። ጠዋት እማማ እንደ መብረቅ ናቸው፤ ስስ፣ ክብ፣ አንዷ ከአንዷ አትለይም። ቫንዳ ዓይኗ ሰፋ። ልቤ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ቀትር አለፈ። ማንጎራጎር ጀመሩ። አለቀልን አልኩ።

ቫንዳ ጨርቁን ገለጠች። አንዱን ሊጥ በሁለት ጣቷ አነሣችው። አልተንጠለጠለም፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

እማማ እጃቸው ቆመ። ሊጡን አዩ፣ ቫንዳን አዩ፣ እኔን አዩ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ያን ጊዜ አፌ ከእኔ ቀደመ።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያድርጉ ያልኳቸው። ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ነው የምንሸጠው። የፎርሊና የፋየንዛ ሰው በዝቷል፣ ወፍራም ይፈልጋል።»

«እማዬ? ወፍራም? በዚህ ኪዮስክ?»

«ዘመን ተለወጠ፣ ቫንዳ» አልኳት። የሳጥን ካርቶን ቀድጄ «ዛሬ ወፍራምም አለ» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩና መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። ሰልፉ ተንጫጫ። አንዱ የሰፈር ሰው «ዞራይዴ ፍራሽ ሸጠች!» ብሎ ተሳለቀ። ያኔ ጋሽ ሴኮንዶ ከወንበራቸው ተነሥተው «ለእኔ ከፍራሹ! ጥርሴ ታርቋል!» ብለው ጮኹ። ይሄን ሰውዬ እግዜር ያኑርልኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል፣ የላይ አገር ሰው ሁሉ ከየት እንደ ወጣ እንጃ። አንድ ሽማግሌ ነክሰው የእናታቸውን ስም ጠሩ። ሳይመሽ ወፍራሙ አለቀ።

ማታ ቫንዳ «እጇ እኮ አሁንም ፈጣን ነው» አለች። ሎሪስ አፍንጫውን አሸ፤ «አላልኩሽም?» አላት። እስከ ሴፕቴምበር፣ ኪዮስኩ እስኪዘጋ ድረስ ይቆዩ ተባለ።

ዕቃ ስናጥብ ግን ቫንዳ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኒቬስ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

አየችኝ። «ምንም» አለችና ሳህኑን መወልወል ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

የእኔ ጥፋት ነው።

ጀርባዬን ሰጥቼ ሊጥ አሳሳ ነበር። የበዓሉ ሕዝብ ስለሄደ ካርቶኑን አንሥቼ፣ የለመደ ደንበኛ እንዳይቀር ብዬ ወደ ስሱ ተመልሼ ነበር። ለምን? ማን አስገደደኝ? ካርቶኑን ብተወው ጠርሙስ አያስፈልገኝም ነበር፤ ፊቴም ወደ እሳቸው ይሆን ነበር። ሬዲዮው ይጮኻል። ኋላዬ አልተጮኸም፤ የሸተተኝ ነው ያዞረኝ። እማማ ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ መዳፋቸውን ለጥፈውበታል። የብረት ምጣድ ላይ። እጃቸውን ጎትቼ ሳነሣው «ገና ነው» አሉኝ፤ «ገና አልጋለም።»

ሎሪስ ከሆስፒታል ሲመልሳቸው ፊቱ ጨርቅ መስሎ ነበር። «በቃ» አለ። ቫንዳ ጋ ሲደውል ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ብቻዬን። ሎሪስ መዳመጫውን አምጥቶ ሰጠኝ፣ «ያንቺ ነው» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተመኘሁት ዕቃ። ከባድ ነው፤ መሐሉ በእሳቸው እጅ ጎድጉዷል።

ስስ አወጣሁ። ሳልቸገር፣ ክብ፣ ንጹሕ። ሰዉ ሁሉ እየበላ ሄደ። ጋሽ ሴኮንዶ ብቻ አጣጥመው «የዞራይዴ ናት?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። አመኑኝም አላመኑኝም፣ ጨርሰው በሉ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

አይበሉም። ሾርባ፣ ፓስታ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ሩዝ በወተት። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ፊታቸውን ያዞራሉ። የታሠረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ይውላሉ። ስሜን ረስተዋል። «አንቺ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ሌሊት እየተነሡ በር ሊከፍቱ ይሄዳሉ።

ክፍሉ ተለቋል። ቫንዳ ሰኞ መጥታ ትወስዳቸዋለች። ሎሪስ ሹራቦቻቸውን እያጣጠፈ ሻንጣ ይሞላል፤ ያጣጥፋል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያጣጥፋል። ይሻላል ይላል። እኔም ይሻላል እላለሁ። ሰኞ ማታ እተኛለሁ፤ ማክሰኞም እተኛለሁ። ሰው እንቅልፍ መፈለጉ ኃጢአት ነው?

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ዝናብ። ኪዮስኩን አልከፈትኩም። ሻንጣው ኮሪደር ላይ ነው።

ራበኝ። ይሄን በጋ ቁጭ ብዬ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው፤ ዱቄት አወጣሁ፣ ስብና ጨው ጨመርኩ፣ በወተት አቦካሁ። መዳመጫ አልፈለግኩም። በመዳፌ ጠፍጠፍ ጠፍጠፍ አድርጌ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ከዚያች የሙሽርነቴ ቀን ወዲህ እንዲህ ጋግሬ አላውቅም። ሲበስል ቆርሼ ለስላሳ አይብ ቀባሁበትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንዷን ቁራሽ አነሣሁ።

እማማ በደህናው እጃቸው ሌላዋን አነሡ። አሸተቱ። ነከሱ። አኝከው ዋጡ፤ እንደገና ነከሱ።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ።

«እኔ።»

በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሮጊቷ አላየችሽም?»

«የትኛዋ አሮጊት?»

«ኧረ ቀስ በይ! አማቴ ናታ። ባለፈው የእኔን ለዶሮ ሰጠችው እኮ፣ ሰው ሁሉ እያየ።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አንቺም አዲስ ሙሽራ ነሽ?»

«አዎ።»

«ከየት?»

«ከላይ» አልኩ።

«እኔም!» አሉና በታሠረው እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«አልናገርም። ብይ፣ አልመጣችም።»

ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁና ለቫንዳ ደወልኩ። «ነገ አትምጪ፤ ክፍሉን ለሌላ ሰው ይስጡት» አልኳት።

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ምሳ ላይ ነን።»

«ኒቬስ፣ ማን እንደሆንሽ እኮ አታውቅም። አንቺስ የምትችይው ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም» አልኩ። እውነቴን ነው። ሌሊት ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ጋዙን፣ በሩን፣ ገላ ማጠቡን፣ ሁሉንም። ደክሞኛል። «ግን አትምጪ» ብዬ ዘጋሁት። ሎሪስ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ኖሯል። ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ውስጥ መለሰው።

ወጥ ቤት ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። እማማ ግራ ቀኝ አይተው ከሽርጣቸው ሥር አንድ ወፍራም ቁራሽ አወጡ።

«ያንቺ ድርሻ ነው፣ ደብቄልሻለሁ። ቶሎ ብይ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ በላሁ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። እሳቸው በሩን እየጠበቁልኝ ነው።

«እኔ አማት ስሆን» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ምራቴ እንደ እናቷ ቤት ትጋግር። ማንም አይናገራትም።»

«እግዜር ያድርስሽ» አልኳትና ቁራሼን ጨረስኩ።